ሁለት ግራ እጅጌ

ክንዴ ረጅም ነው። ቁመቴ ያን ያህል አይደለም፤ ክንዴ ግን ቁመቴን ሳያማክር ነው ያደገው። ስለዚህ ሸሚዝ በገዛሁ ቁጥር መጀመሪያ የማደርገው እጅጌውን መጠቅለል ነበር። የሚያየኝ ሰው ሥራ የበዛባት ወይም የሞቃት ይመስለዋል። ነገሩ ግን ሌላ ነው። እጅጌው አንጓዬ ጋ ለመድረስ ሦስት ጣት ሲቀረው ያልቃል። አንድ ቁጥር ከፍ አድርጌ ስገዛ ደግሞ እጅጌው ይደርስና ትከሻው ይወርዳል። የታላቅ ወንድሜን ልብስ ተውሼ የወጣሁ እመስላለሁ።

ስፌት የጀመርኩት በዚህ ብስጭት ነው እንጂ ለእጅ ሥራ ፍቅር ኖሮኝ አይደለም። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ቤት ሲቀይር "የስፌት መኪና የሚፈልግ አለ?" ብሎ ጠየቀ። ሳላስበው "እኔ!" አልኩ። ብረት በብረት የሆነች፣ ቀለሟ ጥግ ጥጉን የተላጠ፣ ከባድ መኪና ናት። ባሌ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጧት ወገቡን ይዞ "እሺ፣ አሁን ምን ልታደርጊባት ነው?" አለኝ። "ሸሚዝ ልሰፋባት።" ይህን ያልኩት ያለ መነጽር መርፌ ላይ ክር ማስገባት የማልችለው እኔ ነኝ።

ይኸው አራት ዓመት ሆነኝ።

የመጀመሪያውን ቀን አልረሳውም። ቁራጭ ጨርቅ አስገባሁና መርገጫውን ጫን አልኩ። ጠረጴዛው ተንቀጠቀጠ፣ መኪናዋ ጮኸች፣ ጨርቁ ሄደ። ከላይ ሳየው ቀጥ ያለ የሚያምር ስፌት። ደስ አለኝ። ገልብጬ ሳየው ከታች ያለው የክር ክምር ሳይበጠር የከረመ ፀጉር ይመስላል። ጨርቁ ራሱ ከመኪናዋ ጋር ተሰፍቶ አልላቀቅም አለ። በመቀስ ቆርጬ ነው ያወጣሁት።

ክምሩ ያለው ከታች ስለሆነ ጥፋቱም ከታች መሰለኝ። የታችኛው ክር የሚጠቀለልባትን ቦቢን አወጣሁ፣ አስገባሁ፣ እንደገና ጠቀለልኩ። ሁለት ሰዓት ሙሉ። ጥፋቱ ለካ ከላይ ነበር። የላይኛው ክር ወደ መርፌው ከመውረዱ በፊት በሁለት ትናንሽ ክብ ብረቶች መሃል ያልፋል። ክሩን ያዝ፣ ወጠር የሚያደርጉት እነሱ ናቸው። ጨርቁን የሚጫነው እግር ሲወርድ ብረቶቹ ይገጥማሉ፣ ሲነሳ ይከፈታሉ። እኔ ደግሞ እግሩን አውርጄ ነበር ክር የማስገባው። በሩ ተዘግቷልና ክሩ መግባት አልቻለም፤ ላያቸው ላይ ተንሳፍፎ ይወርዳል። የሚይዘው የለም፤ ስለዚህ ታች ሄዶ ይከመራል። እግሩን አንስታችሁ ክር አስገቡ። ከዚህ ጽሑፍ ይህን ብቻ ብትወስዱ ሁለት ሰዓት አተረፍኩላችሁ።

ከዚያ በኋላ መኪናዋ እንዴት እንደምትሠራ ማወቅ ፈለግኩ። በእጅ ስንሰፋ ክር የምናስገባው በመርፌው ጭራ በኩል ነው፤ መርፌው ጨርቁን አልፎ ወዲያ ማዶ ይወጣል። የመኪና መርፌ ግን ቀዳዳው ጫፉ ላይ ነው። ሙሉ ለሙሉ አያልፍም። ጫፉን አስገብቶ ክሩን ከጨርቁ በታች ያደርሰዋል። ወደ ላይ ሊመለስ ሲጀምር ክሩ ትንሽ ቀለበት ይሠራል። ታች የሚሽከረከረው መንጠቆ ያን ቀለበት ይይዝና በቦቢኗ ዙሪያ ያዞረዋል። ሁለቱ ክሮች ጨርቁ መሃል ላይ ይቆላለፋሉ። በቃ፣ ይኸው ነው። መሽከርከሪያውን በእጄ ቀስ እያልኩ አዙሬ ይህንን ሳይ ቡናዬ ቀዘቀዘ።

የዚህ ዓይነቱን መኪና ኤልያስ ሃው የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1846 በስሙ አስመዘገበ። ዛሬ ዓለም የሚያስታውሰው ግን በ1851 የራሱን መኪና ያስመዘገበውን አይዛክ ሲንገርን ነው። ሃው ከሶት ረትቶታል፤ ሲንገርም ለፈጠራው ለመክፈል ተገዷል። ገንዘቡን ሃው አገኘ፣ ስሙን ግን ሲንገር ይዞት ቀረ። ከሁለቱም በፊት ቲሞኒዬ የሚባል ፈረንሳዊ ልብስ ሰፊ ነበር። በ1830 መኪናውን አስመዝግቦ ፓሪስ ውስጥ ሥራ ጀመረ። እንጀራችንን ሊነጥቀን ነው ያሉ ልብስ ሰፊዎች በዓመቱ ገብተው መኪኖቹን ሰባበሩበት። ክሩ በተቋጠረብኝ ማታ ብሰማው ኖሮ ከሰባሪዎቹ ጋር እወግን ነበር።

ወደ ሸሚዙ ልመለስ።

መጀመሪያ የሰፋሁት የፒጃማ ሱሪ ነው። ላስቲክ ያለው፣ ኪስ የሌለው። ማንም አያየውም፤ ለጀማሪ የሚመከረውም ለዚህ ነው። ሁለተኛው ሥራዬ ያ የምመኘው ሸሚዝ ሆነ። ቸኩያለሁ፤ አውቃለሁ። ትናንሽ ሰማያዊ አበባ የታተመበት ስስ ጥጥ ነበረኝ። የእጅጌው ቅርጽ በልኩ የተቆረጠበትን ወረቀት ጨርቁ ላይ አድርጌ በጠመኔ ዙሪያውን ሳልኩ፣ ቆረጥኩ። ወረቀቱን አንስቼ ከአጠገቡ አስቀመጥኩና ደግሜ ሳልኩ፣ ደግሜ ቆረጥኩ። ልክክ ያሉ ሁለት እጅጌዎች። አንዱን በአንዱ ላይ ሳደርግ ቅንጣት ልዩነት የላቸውም።

ችግሩም እሱ ነው። የግራና የቀኝ እጅጌ እንደ ግራና ቀኝ እጃችን አንዱ የሌላው መስታወት መሆን አለበት። ሁለተኛውን ስቆርጥ ወረቀቱን መገልበጥ ነበረብኝ። ወይም ጨርቁን ሁለት አጥፌ አንዴ መቁረጥ። ጨርቁ ወጥ ቀለም ቢሆን እንኳ አንዱን ገልብጬ እገላገል ነበር። አበባው ግን የታተመው በአንድ ፊት ብቻ ነው። ስለዚህ ሁለት ግራ እጅጌ ይዤ ተቀመጥኩ። የተረፈው ጨርቅ ደግሞ ለአንድ ሙሉ እጅጌ አይበቃም።

አጭር እጅጌ ሆነ። ረጅም እጅጌ ፍለጋ የተጀመረው ሸሚዝ አጭር እጅጌ ሆኖ ተጠናቀቀ። ባሌ ምንም አላለም። ምንም ላለማለት እንዴት እንደሚታገል ግን ይታየኝ ነበር።

ጎረቤታችን ጡረታ የወጡ ልብስ ሰፊ ናቸው። አንድ ቀን ያንን ሸሚዝ ለብሼ ደረጃ ላይ አገኙኝ። ሰላምታውን ሳይጨርሱ ዓይናቸው ትከሻዬ ላይ ነበር። ጣታቸውን ስፌቱ ላይ አሳለፉና "ማን ሰፋው?" አሉ። "እኔ ነኝ ጋሼ።" ዝም አሉ። ከዚያ "ልጄ፣ ካውያ የለሽም?" አሉኝ።

ካውያማ ነበረኝ። የምጠቀምበት ግን ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ነበር። እሳቸው ቤት ገብቼ አንድ ኮሌታ ሲሰፉ ቁጭ ብዬ አየሁ። አንድ መስመር ሰፍተው ይነሳሉ። መጀመሪያ ስፌቱን እንደተጋደመ ይተኩሱታል፤ ክሩ ጨርቁ ውስጥ እንዲሰምጥ። ከዚያ በጣታቸው ከፍተው በውስጥ በኩል ይተኩሱታል። ከዚያ ብቻ ነው ወደሚቀጥለው መስመር የሚሄዱት። ካውያውን አይጎትቱትም። ያነሱታል፣ ያስቀምጡታል፣ ትንሽ ይጫኑታል፣ ያነሱታል። የጎተቱት ጨርቅ ይለጠጣል፤ በተለይ አንገት ዙሪያ። መኪናው ላይ ከተቀመጡበት ካውያው ጋ የቆሙበት ይበልጣል። ዛሬ የእኔም እንደዚያው ነው። ቤት የተሰፋ ልብስ ቤት የተሰፋ የሚመስለው አብዛኛውን ጊዜ በስፌቱ ሳይሆን በካውያው ነው።

መርፌ እንድቀይርም የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። "ይቺ መርፌ ስንት ጊዜዋ ነው?" አሉኝ። እስክትሰበር እንጂ መርፌ የሚቀየር መሆኑን መች አወቅኩ። መርፌ ቢለግም ቅቤ አይወጋም ይባል የለ? የእኔዋ ከመለገምም አልፋ ጨርቁን እየቀደደች ነበር። አሁን ስምንት ሰዓት ያህል ከሰፋሁባት እጥላታለሁ። በማሸጊያው ላይ ያለው ቁጥርም ዝም ብሎ የተጻፈ አይደለም። 80 ማለት ውፍረቷ 0.8 ሚሊ ሜትር ነው። ለሸሚዝ ጥጥ 80፣ ለስስ ነገር 70፣ ለጂንስ 100። ለተለጣጭ ጨርቅ ደግሞ ጫፏ ድቡልቡል ያለ መርፌ አለ። ክሩን ከመብሳት ይልቅ ገፋ አድርጋ በመሃሉ ታልፋለች። በሹሏ ከሰፋችሁት ስፌቱ እየዘለለ ይሄዳል፣ ጨርቁም ይቦጫጨቃል።

ስለ ጨርቅ ከጀመርኩ አላባራም፤ ሁለት ነገር ብቻ። አንደኛው ማጠብ ነው። ከመቁረጥ በፊት፣ ልብሱ ወደፊት በሚታጠብበት መንገድ። ጥጥ ሲታጠብ በመቶ ከ3 እስከ 5 ቢያጥር የሚገርም አይደለም። የ100 ሳንቲ ሜትር ሱሪ ላይ እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ማለት ነው። ያ ደግሞ ቁርጭምጭሚት ላይ በሚያርፍ ሱሪና ጎርፍ ሊሻገር በተሰበሰበ ሱሪ መካከል ያለው ልዩነት ነው። አንድ ግራጫ ሱሪ እንዲህ አድርጎኛል።

ሁለተኛው ድርና ማግ ነው። ድሩ ጨርቁ ሲሸመን ተወጥሮ የነበረው ክር ነው፣ ከጨርቁ ዳር ጋር ትይዩ የሚሄደው። ማጉ በእሱ ላይ አግድም የገባው። ወረቀቱ ላይ አንድ ረጅም ቀስት አለ፤ ከድሩ ጋር አስተካክሉት ማለት ነው። እኔ ቀስቱን ለጌጥ የተሳለ ነገር አድርጌ ነበር የማየው። ጨርቅ ለመቆጠብ ብዬ የአንዱን ሱሪ እግር ትንሽ አጋድሜ ቆረጥኩ። ስለብሰው ምንም አይልም። አንዴ ሲታጠብ ግን የጎኑ ስፌት ከዳሌዬ ተነስቶ ጉልበቴ ጋ ሲደርስ ወደ ፊት ዞረ። ስራመድ አንድ እግሬ ወደ ቤት ልመለስ የሚል ይመስላል። ጨርቅ ግን ሆን ተብሎም በሰያፍ ይቆረጣል። በ45 ዲግሪ ሲቆረጥ ለስለስ ብሎ ይለጠጣል፣ ሰውነት ላይ ይፈሳል። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ማድሌን ቪዮኔ የተባለች ፈረንሳዊት የቀሚስ ጥበበኛ ስሟን የተከለችው በዚህ ነው። በሰያፍ የተቆረጠ ጉርድ ቀሚስ ታችኛው ጠርዙ ከመቀምቀሙ በፊት አንድ ቀንና ሌሊት ይሰቀላል። በክብደቱ እየወረደ፣ አንዱ ቦታ ከሌላው እያነሰ፣ ልኩን ያገኛል። ቶሎ ከቀመቀማችሁት ሳምንት ሳይሞላው ጠርዙ ማዕበል ይሆናል።

መቀሱን ሳልናገር አላልፍም። የጨርቅ መቀስ ወረቀት አይቆርጥም። ቤታችን ውስጥ ያለው ብቸኛ ሕግ ይህ ነው። ባሌ አንድ ቀን በእሱ ካርቶን ሲቆርጥ ደረስኩበት። ስለዚያ ቀን ከዚህ በላይ አንነጋገርም።

ሦስተኛውን ሸሚዝ ስጀምር ግን ጨርቅ ለማባከን አልፈለግኩም። ጋሼ እንደመከሩኝ መጀመሪያ ከአሮጌ አንሶላ ሰፋሁት። ኮሌታ የለው፣ ቁልፍ የለው፣ በስፒል የሚዘጋ። እሱን ለብሼ መስታወት ፊት ቆምኩ። ባሌ ከኋላዬ ስፒል በአፉ ይዞ። ራሴን በልብስ ውስጥ በደንብ ያየሁት ያኔ ነው ማለት እችላለሁ። ቀኝ ትከሻዬ ከግራው 1 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይላል። ዕድሜዬን ሙሉ በቀኝ በኩል ብቻ የሚጨማደደው ሸሚዝ ምክንያቱ እሱ ነበር! እኔ ደግሞ ካውያዬን ስወቅስ። አንሶላው ላይ በእስክሪብቶ ጻፍኩበት፤ "እዚህ ቀንስ"፣ "እዚህ ጠባብ"፣ "ጀርባ ደህና"። ያ አንሶላ አሁንም አለ። የልኬቴ መዝገብ ነው።

ክንዴን ለመጀመሪያ ጊዜ በትክክል የለካሁትም ያኔ ነው። ክንድ ተዘርግቶ አይለካም፤ ክርኑ ትንሽ ታጥፎ ነው። ከትከሻ አጥንት ጫፍ ተነስቶ፣ በክርን ዞሮ፣ አንጓ ድረስ። 65 ሆነ። ወረቀቱ ላይ ያለው እጅጌ 60 ነው። 5 ሳንቲ ሜትር! እዚያ ጋ አንድ ነገር ልብ በሉ። ርዝመት የሚጨመረው ታች ጫፉ ላይ አይደለም። እጅጌ ወደ አንጓ ሲወርድ እየጠበበ ነው የሚሄደው፤ ከታች ከቀጠላችሁለት ቅርጹ ይበላሻል። ወረቀቱን መሃሉ ላይ አግድም መቁረጥ፣ 5 ሳንቲ ሜትር ማራራቅ፣ ክፍተቱን በሌላ ወረቀት መለጠፍ፣ ከዚያ ዳርና ዳሩን እንደገና ማስተካከል።

ሌላው የተማርኩት ብብት ነው። ብብቱ ዝቅና ሰፋ ያለ ሸሚዝ ይመቻል ብዬ ነበር የማምነው። አይደለም። ብብቱ ዝቅ ካለ ክንዳችሁን ስታነሱ ሸሚዙ በሙሉ አብሮ ይነሳል፤ ሆድ ይታያል። ከፍ ካለ፣ ብብት ጋ ጠጋ ካለ፣ ክንዱ ብቻውን ይነሳል፣ ሸሚዙ ቦታው ላይ ይቀራል። 2 ሳንቲ ሜትር ከፍ አደረግኩት። አሁን ከቁም ሳጥኑ ላይ ዕቃ ሳወርድ አልሸማቀቅም።

ከዚያ ያ የምፈራው መጣ፤ እጅጌውን ከትከሻው ጋር መግጠም። ለማያውቅ ሰው ቀላል ይመስላል። ክብ ነገር ከክብ ቀዳዳ ጋር። ግን የእጅጌው አናት ከቀዳዳው ይበልጣል። በእኔ ሸሚዝ 2 ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል። ስህተት አይደለም፤ ትከሻ ድቡልቡል ስለሆነ ጨርቁም ድቡልቡል ማለት አለበት። ያን ትርፍ አንድም ሽብሽብ ሳይታይ አምቆ ማስገባት ነው ሥራው።

እንዲህ ነው የማደርገው። የእጅጌውን አናት በረጃጅም ስፌት፣ 4 ወይም 5 ሚሊ ሜትር አድርጌ፣ ሁለት መስመር እሰፋለሁ። ጫፎቹን አልቋጥርም። ከዚያ የታችኞቹን ክሮች ይዤ በጣም ቀስ ብዬ እስባለሁ፤ አናቱ እንደ ትንሽ ጽዋ መጎድጎድ ይጀምራል። ወረቀቱ ላይ ምልክቶች አሉ። በአንድ በኩል አንድ፣ በሌላው ሁለት። አንድ ማለት ፊት፣ ሁለት ማለት ጀርባ። የጀርባው በኩል ትንሽ ሰፋ ይላል፤ ክንዳችን ወደ ፊት እንጂ ወደ ኋላ ስለማይሠራ። ምልክትን ከምልክት አገጣጥሜ በስፒል እይዛለሁ። ከዚያ በጣቴ ጨርቁን እየዳበስኩ ትርፉን አከፋፍላለሁ። ብብቱ ጋ ምንም፣ ወደ አናቱ ስጠጋ ትንሽ ትንሽ። መኪናው ላይ ስሰፋ እጅጌውን ወደ እኔ፣ ሸሚዙን ወደ ታች። በጣም ቀስ። ሁለት ስፌት፣ ማየት። ሁለት ስፌት፣ ማየት።

የመጀመሪያው ያለ እንከን ገባ። ከመቀመጫዬ ተነስቼ ጨፈርኩ ማለት ይቻላል። ሁለተኛው ላይ ምልክቶቹን አቀያይሬ አንዱን ከሁለቱ ጋር ገጠምኩት። ለብሼው እጄን ወደ ፊት ስዘረጋ ጀርባዬን ያንቀኛል። ከምሽቱ አራት ሰዓት ነበር። መተርተሪያዬን አንስቼ፣ ስፌት በስፌት፣ ጨርቁን ሳልነካ፣ ተረተርኩ። አንድ ሰዓት ፈጀ። ሰዎች ስፌት ትርፍ ሰዓትን ዘና ብሎ ማሳለፊያ ነው ሲሉ ይህን ሰዓት የቆጠሩት አይመስለኝም። እኔ ግን ስተረትር ነው የማርፈው። ስሰፋ ትንፋሼን ይዤ ነው።

ገንዘብ ይቆጥባል ወይ ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ። አይቆጥብም። ጨርቅ፣ ክር፣ ቁልፍ፣ ማጠንከሪያ፣ ያበላሸሁት ሱሪ፣ ሁሉም ይደመራል። ጊዜውማ አይወራም። ያንን ሸሚዝ ለመጨረስ አምስት ቅዳሜ ወስዶብኛል። ግን እጅጌው አንጓዬ ላይ ያርፋል። እጄን ስዘረጋም እንኳ። ሥራ ቦታ ለብሼው የሄድኩ ቀን እጅጌዬን የጠቀለልኩ መስሎኝ እየረሳሁ ደጋግሜ ክንዴን አየው ነበር።

አንድ ነገር ይቀራል። ሸሚዙ ሰባት ቁልፍ አለው። የቁልፍ ቀዳዳ የሚሠራው በመጨረሻ ነው፤ ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ፣ ሊበላሽ የማይገባው ሰዓት ላይ። ስድስቱ በሰላም አለፉ። ሰባተኛው ላይ መኪናዋ መሃል መንገድ ላይ ቆማ አንድ ቦታ ደጋግማ ወጋችው። ተረተርኩት፣ ደግሜ ሞከርኩ፣ ጨርቁ ሳሳ። ስለዚህ ሰባተኛው ቁልፍ ቀዳዳ የለውም። ከላይ ዝም ብሎ ተሰፍቷል። ሱሪ ውስጥ ስለሚገባ አይታይም።